ለጆሮአችን ስንል



ውድ አንባቢያን፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጉርብትናና ስለ ቤት ወጪ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ግን ስለ ሄድፎንና ስለ አምፕሊፋየር ነው። «ደግሞ ጆሮ ላይ የሚደፋ ዕቃ ምኑ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነ?» የሚለን ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ይህ ዕቃ በቤታችን ውስጥ ምን እንዳደረገ ያየነው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነውና።

እኛ ባልና ሚስት ነን። ሁለታችንም በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የምንገኝ መምህራን ስንሆን፣ በልጅነታችን ጠዋት ጠዋት ሉሕ ይዘን ወደ ቁርአን ቤት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደብተር ይዘን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ያደግን ነን። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አንዳችን ፊዚክስ፣ ሌላኛችን ሂሳብ እናስተምራለን። ከዚህ በታች «አንዳችን» እያልን የምንጽፈው ሆን ብለን ነው። ጥፋቱን የሠራው ባል ይሁን ሚስት አንባቢ አይጠይቀን። ቤቱ አንድ ነውና እፍረቱም የጋራ ነው።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በአንድ ካሴት ነው።

ካሴቱ

በ1988 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ፣ አሁን በሕይወት የሌሉት የአንዳችን አባት የመንደሩን ልጆች ቁርአን ሲያቀሩ አንድ ዘመድ በትንሽ ቴፕ ቀድቷቸው ነበር። አባታችን አንዲት ፊደል ይላሉ፤ ልጆቹ ተከትለው ይላሉ። ሲን ይላሉ፤ ልጆቹም ሲን ይላሉ። ሷድ ይላሉ፤ ከልጆቹ ግማሹ አሁንም ሲን ይላል። አባታችን አይቆጡም፤ ረጋ ብለው ሷድን ይደግሙታል። ከእነዚያ ልጆች ድምፅ መካከል አንደኛው የአንዳችን ድምፅ ነው።

ካሴቱ ብዙ ዓመት በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥን ውስጥ ኖረ። በ2013 ዓ.ም. ወደ ኮምፒዩተር አስገለበጥነው። ከስልክ ጋር በሚመጣው ተራ የጆሮ ማዳመጫ ስናዳምጠው ግን የአባታችን ድምፅ ከቴፑ ሹሹታ ጋር ተደባልቆ፣ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። በዚህ መካከል ከጀርመን የመጣ ዘመዳችን ሲገለገልበት የቆየውን ሄድፎን ሰጠን። ስሙ ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ የቀረበ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች ሌላውን ሄድፎን ከእርሱ ጋር እያወዳደሩ የሚመዝኑበት ሞዴል ነው።

ያን ምሽት፣ ከዒሻእ በኋላ፣ በየተራ እየደፋን አዳመጥን። አባታችን ከፊታችን የተቀመጡ ያህል ቀረቡን። ከድምፃቸው በስተጀርባ ዶሮ ይጮኻል። አንድ ልጅ ያስላል። ከዚያም ራቅ ብሎ፣ በተራ ማዳመጫ ጨርሶ ያልሰማነው፣ የቡና ሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። «ይህ የእማ ሙቀጫ ነው» አለ አንዳችን። ከዚያ በላይ መናገር አልተቻለም። እናታችን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ያን ጊዜ ግን ገና ወጣት ነበሩ። አባታችን ሲያቀሩ እናታችን ቡና ሲወቅጡ በአንድ ጊዜ መስማት ለእኛ ምን እንደሆነ፣ ወላጁን የቀበረ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ፍቅሩ ከዚህ ጀመረ። መነሻው ክፉ አልነበረም።

ማወዳደር

አንድ ሰው አንድ ጥሩ ነገር ካገኘ በኋላ «ከዚህ የሚበልጥስ ይኖር ይሆን?» ማለቱ አይቀርም። እኛም አልን። ማንበብ ጀመርን። ያነበብነውም ደስ የሚያሰኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሄድፎን ሠርቶ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል እንደላከ፤ በ1937 የበርሊኑ ባየር ዲቲ 48 የተባለውን እንዳወጣ፤ በ1958 የሚልዋኪው ጆን ኮስ የስቴሪዮ ሄድፎን ለሕዝብ እንዳቀረበ፤ በ1968 ደግሞ ዜንሃይዘር ጀርባው ክፍት የሆነውን ኤችዲ 414 እንደሠራ ተረዳን።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ካሴት ምክንያቱን ገለጸልን። በሄድፎን ውስጥ ከጥቅል ሽቦ ጋር የተያያዘ ስስ ሽፋን አለ፤ ሽቦው በማግኔት መካከል ሲንቀሳቀስ ሽፋኑ አየሩን ይገፋል። ሽፋኑ ወደ ፊት ሲገፋ ወደ ኋላም ይገፋልና ጀርባው በፕላስቲክ ከተደፈነ ወደ ኋላ የሄደው ድምፅ ተመልሶ ይመጣል፤ የበርሜል ድምፅ የሚሰጠውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጀርባው ክፍት ከሆነ ግን ድምፁ ወጥቶ ይሄዳል። ክፍያው ደግሞ አለው፤ የውጭው ጫጫታ ይገባል፣ የእናንተም ድምፅ ለጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ ሰፈሩ ሲተኛ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሁለት ሄድፎኖች ጨመርን። አንዱ ከዱባይ ዕቃ በሚያመጣ ጎረቤት በኩል የገዛነው የባየርዳይናሚክ ዲቲ 990፣ ሌላው ከአንድ ወዳጃችን በጥቂት በጥቂቱ እየከፈልን የወሰድነው የኤኬጂ ኬ701 ነበር። ባየርዳይናሚክ የጀርመን፣ ኤኬጂ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 በቪየና የተቋቋመ ድርጅት ነው። ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ሦስቱን ማወዳደር ሆነ ሥራችን።

ለማወዳደሪያ የመረጥነው የሼኽ መሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን ቀስ ያለ ቅጂ ነበር። ይህ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1961 የተጠናቀቀ፣ ሙሉ ቁርአን በድምፅ የተሰነደበት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቁርአን ቤት ያደገ ጆሮ የፊደልን መውጫ ለመለየት የሠለጠነ ነውና እዚህ ላይ ጠቀመን። በዲቲ 990 ሲንዋ እንደ መርፌ ትወጋለች፤ በ8 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭን ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚያሰማ በመሆኑ ነው። በኬ701 ድምፁ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ቃፍና ጣእ ክብደታቸው ይቀንሳል። በኤችዲ 600 ደግሞ ሁሉም በየመጠናቸው ይሰማሉ። ይህን ስንል የመሣሪያ መለኪያ ሳንይዝ፣ ሉሕ ላይ በተማርነው ጆሮ ነበር። እስከዚህ ድረስ ማወዳደሩ ትርፍ እንጂ ጉዳት አልነበረውም።

ጉዳቱ የመጣው በአምፕሊፋየሩ ነው።

አምፕሊፋየሩ

ኤችዲ 600 የሽቦው ተቃውሞ 300 ኦም ነው። ከስልክ ጋር የሚመጡት ተራ ማዳመጫዎች ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም ናቸው። ተቃውሞው ከፍ ያለ ሄድፎን ያንኑ ኃይል ለማግኘት ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል። ከዚህ በመነሣት «ይህ ሄድፎን አምፕሊፋየር ካላገኘ ግማሽ ነፍሱ ብቻ ነው የሚሰማው» የሚል ወሬ በየቦታው ይነገራል። እኛም አመንን። ለመሆኑ ካልኩሌተር አጥተን ነውን? አንዳችን ፊዚክስ አስተማሪ አይደለንምን? ይህ ሄድፎን በ1 ሚሊዋት፣ ማለትም በዋት አንድ ሺኛ፣ ከ95 ዴሲቤል በላይ ይሰጣል። ከኮምፒዩተር ጋር የምትሰካው ጣት የምታክል ማስተላለፊያችን 1 ቮልት ያህል ታወጣለች። ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለ300 ማካፈል ነው፤ ከ3 ሚሊዋት በላይ ይሆናል። ለምሽት ማዳመጥ የበቃና የተረፈ ነው። ይህን ስሌት ለተማሪዎቻችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ሠርተነዋል፤ ለራሳችን ግን አልሠራነውም። ሰው የሚፈልገውን ነገር አያሰላም።

በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንዳችን አምፕሊፋየር ይዞ ገባ። ስሙን አንጠቅስም። ከባድ፣ የብረት ሣጥን ያለው፣ ሲያበሩት መብራቱ የሚያምር ነው። «ስንት ነው?» አለ ሌላኛችን። «የተገለገሉበት ስለሆነ ርካሽ ነው፤ የግማሽ ወር ደሞዝ አይሞላም» ተባለ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ዕቃው አዲስ ነው፤ ዋጋውም የሦስት ወር ደሞዛችን ነበር። ገንዘቡ የመጣው አንዳችን በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ከሚጣለው የመምህራን እቁብ ሲሆን፣ ያ እቁብ ደግሞ አስቀድሞ ሥራ ተመድቦለት ነበር።

ሥራው ምን ነበር? እናታችን ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፍነው ነበር። እቁቡ ሲወጣ ከወሎ አምጥተን፣ እኛ ዘንድ አሳርፈን፣ በቀዶ ሕክምና ልናስወግድላቸው ተስማምተን ነበር። እንግዲህ «እቁቡስ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ገና አልደረሰንም» ሆነ። በሚቀጥለው ወርም «ገና ነው» ተባለ። እናታችን በስልክ «ልጆቼ፣ አትቸኩሉ፤ እኔ ምን ሥራ አለብኝ» ይሉ ነበር። በዚያው ሰሞን ቡና ሲወቅጡ ዘነዘናው ጣታቸውን መታቸው፤ ሙቀጫውን ሲስቱት ነው። ይህን የነገረችን ጎረቤታቸው እንጂ እርሳቸው አይደሉም።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ያን ጊዜ በየምሽቱ የምናዳምጠው የእርሳቸውን ሙቀጫ ነበር። ለጆሮአችን ስንል የእናትን ዓይን አዘገየን።

አምፕሊፋየሩስ ምን ሰጠን? በመጀመሪያው ምሽት ሁለታችንም «ሰማይና ምድር ነው!» አልን። ድምፁ ሞልቶ፣ ጠልቆ፣ ጠርቶ ተሰማን። ያ ሩቅ ሙቀጫ ቀረበ። ይበልጥ እንዲቀርብ ቁልፉን ትንሽ እናዞራለን። ነገም ትንሽ። ነገር ግን ሙቀጫው ሲቀርብ የአባታችንም ድምፅ፣ የልጆቹም ጩኸት፣ የቴፑም ሹሹታ አብሮ ይጨምራል። በካሴት ላይ አንዱን ብቻ ለይቶ የሚያጎላ ቁልፍ የለም። ከሁለታችን አንዱ፣ አምፕሊፋየሩን ያልገዛው፣ ሌላው ከተኛ በኋላ ለብቻው እስከ እኩለ ሌሊት ያዳምጥ ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሄድፎኑን ሲያወልቅ ቀኝ ጆሮው ጭው ይል ጀመር። መጀመሪያ ላይ ሲነጋ ይተወዋል። ኋላ ላይ ግን ሲነጋም አልተወውም። ይህንንም ለማንም አልተናገረም። ለምን? ሄድፎኑ ይቀርብኛል ብሎ ፈርቶ ነው።

ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ምስጢር አደረ። አንዱ በኪስ ውስጥ፣ ሌላው በጆሮ ውስጥ።

ሳንቲሙ

ይህን የገለጠችው ከእኛ ጋር የምትኖረው የወንድማችን ልጅ ናት። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነች። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አንድ ምሽት፣ ትንሿ ማስተላለፊያና ትልቁ አምፕሊፋየር ምን ያህል እንደሚለያዩ ለእንግዳ ስንተርክ ሰምታ ኖሮ፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ «ግን ሁለቱ እኩል ነው የሚጮኹት?» ብላ ጠየቀች።

ዝም አልን። እኩል ይሁኑ አይሁኑ ለክተን አናውቅም ነበር። የሰው ጆሮ ሁለት አንድ ዓይነት ድምፆች ቀርበውለት አንዱ በጥቂቱ ከፍ ካለ፣ ከፍ ያለው «ጮኸ» አይለውም፤ «ጠራ፣ ሞላ፣ አማረ» ይለዋል። ይህ በድምፅ ሙያ ውስጥ የታወቀ ነገር ነው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ መልቲሜትር ተውሰን መጣን። የ200 ኸርዝ ቃና ከፍተን፣ በየምሽቱ እንደምናደርገው ቁልፎቹን ባሉበት ትተን ስንለካ ትንሿ 0.20 ቮልት፣ ትልቁ 0.25 ቮልት አሳዩ። ልዩነቱ 2 ዴሲቤል ያህል ነው። ሰማይና ምድር ያልነው ይህንን ነው።

ከዚያም ሁለቱን እኩል 0.20 ላይ አስተካከልን። ልጅቱ ከኋላችን ተቀመጠች፤ ዓይናችንን በነጠላ አሰረች። ሳንቲም ትጥላለች፤ አንበሳው ከወጣ ትልቁን፣ ቁጥሩ ከወጣ ትንሿን ታገናኛለች። ባትቀይርም እንኳ ጃኩን ነቅላ ትሰካለች፤ በድምፁ እንዳናውቅ። ለእያንዳንዳችን 20 ጊዜ ሞከረች። አንድ ሰው ከ20 ውስጥ 15ና ከዚያ በላይ በዕድል ብቻ የሚያገኘው ከ100 ጊዜ 2 ያህል ነው፤ ስለዚህ 15 ያገኘ በእርግጥ ይለያል ለማለት ተስማምተን ነበር።

አንዳችን 11 አገኘን። ሌላኛችን 9።

ነጠላውን ፈታን። ልጅቱ ሳትስቅ «እናንተ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ስንት ትሰጡት ነበር?» አለች። ከዚያ ወደ መኝታዋ ሄደች። እኛ ግን ተቀመጥን። ብዙ ደቂቃ ካለፈ በኋላ አንዳችን «ዋጋው እንደነገርኩሽ፣ እንደነገርኩህ አልነበረም» አለ። (ይህችን ዓረፍተ ነገር በሁለት መንገድ የጻፍናት ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።) ሁሉንም ተናገረ፤ የሦስት ወሩን ደሞዝ፣ እቁቡን፣ የእናታችንን ሕክምና። ሌላኛችን መቆጣት ነበረበት። ይቆጣ ዘንድ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን የወጣው «እኔም ጆሮዬ ጭው ይላል፤ ግማሽ ዓመት አለፈው» የሚል ሆነ።

የዚያን ሌሊት አላህ ይቅር እንዲለን እንጂ እርስ በርስ ለመወቃቀስ አቅም አልነበረንም።

የተከፈለውና ያልተከፈለው

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ነገር አደረግን። አምፕሊፋየሩን ሸጥን፤ ከተገዛበት ዋጋ ሲሶው ጠፋ። ቀሪው ላይ ጨምረን እናታችንን አመጣን። ዓይኖቻቸው ተራ በተራ ታከሙ፤ አል-ሐምዱ ሊላህ፣ ዛሬ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሉ።

ጆሮውን በተመለከተ ግን ወሬያችን እንዲህ ደስ አያሰኝም። በምርመራው ወረቀት ላይ የመስማት መስመሩ 4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ወደ ታች ይጎድላል። በከፍተኛ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ምልክት ይህ ነው። ሐኪሙ እንዳስረዱን በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉት ፀጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። ዓይን ላይ የተጋረደው ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የሞተው የጆሮ ሕዋስ ግን አይመለስም። የዘገየው ታከመ፤ የተቻኮለው ቀረ።

ይህ ለመምህር ቀላል ነገር አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ሕፃናትን ስናቀራ፣ አንዳችን ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ ልጅ ሲን ይበል ሳእ ይበል በቀኝ ጆሮ አይለይም። ልጁን ወደ ፊት ይጠራዋል፤ ወይም ፊቱን ወደ ግራ ያዞራል። ሕፃናቱ ይህን ልማድ አውቀውታል፤ ጎበዞቹ በግራ በኩል ይቀመጣሉ፣ ያላጠኑት በቀኝ በኩል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ያተረፍነውን ለእናንተ እንናገር፤ በተለይ ለልጆቻቸው ሄድፎን ለሚገዙና ራሳቸውም ለሚወዱት።

አንደኛ፣ ሁለት መሣሪያ የሚያወዳድር ሰው አስቀድሞ ድምፃቸውን እኩል ያድርግ። ይህን ካላደረገ የሚያወዳድረው ጩኸትን እንጂ ጥራትን አይደለም።

ሁለተኛ፣ በሄድፎንና በሄድፎን መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ገንዘብ ያለው ለእርሱ ያውጣ። የሄድፎኑን ፍላጎት በሚያሟሉ፣ ደህና ተደርገው በተሠሩ ሁለት አምፕሊፋየሮች መካከል ግን ድምፁ ሲስተካከል ልዩነት መስማት አዳጋች ነው። ከዚህ የሚወጡ አሉ። የራሳቸው የውስጥ ተቃውሞ ከፍ ያለ አንዳንድ የቫልቭ አምፕሊፋየሮች እንደ ኤችዲ 600 ባለ ሄድፎን ላይ ወፍራሙን ድምፅ በጥቂቱ ከፍ ያደርጉታል። ያ ልዩነት አለ፤ ለአንዳንዱ ሰው ያምራል፤ ነገር ግን ቀለም መጨመር እንጂ የተደበቀን መግለጥ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ዋጋ ምስክር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጀሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ የ283 ሄድፎኖችን ልኬት መርምሮ፣ ድምፆችን በምን ሚዛን እንደሚያሰሙና በሚሸጡበት ዋጋ መካከል ዝምድና እንዳላገኘ አሳትሟል። መሣሪያው ደግሞ በቅጂው ላይ የሌለውን አይጨምርም። የእኛ ካሴት በተራ ቴፕ የተቀዳ ነው፤ እጅግ ቀጭኑ ድምፅ መጀመሪያውኑ አልገባበትም። ያልተዘራ አይታጨድም።

አራተኛ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው መጠን 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው፤ ለሕፃናት 75። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 90 ላይ ሲደርስ በሳምንት የሚቀረው 4 ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ያን ያህሉን በሁለት ምሽት እንጨርሰው ነበር። ሄድፎኑን ስታወልቁ ጆሮአችሁ ጭው ካለ አትደብቁት፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ዜንሃይዘር የሄድፎን ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ2022 ለአንድ የስዊዘርላንድ ድርጅት፣ ለሶኖቫ፣ ማስተላለፉን ስናነብ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ሶኖቫ የታወቀበት ሥራ ጆሮአቸው ለደከመ ሰዎች የመስሚያ መርጃ መሥራት ነውና።

አምስተኛውን ራሳችሁ ትሉታላችሁ። በቤት ውስጥ ዋጋው የማይነገር ዕቃ አይግባ።

ዛሬ ከሦስቱ ሄድፎኖች ያስቀረነው ኤችዲ 600ን ብቻ ነው። ከትንሿ ማስተላለፊያ ጋር ይሠራል። የቁልፉ ልክ ላይ ልጅቱ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጋለች፤ ከዚያ አያልፍም። አንዳችን የምናዳምጠው በአብዛኛው በግራ ጆሮ ነው።

አንድ ነገር ቀረን። እናታችን ከሕክምናው በኋላ እኛ ዘንድ ባረፉ ጊዜ፣ አንድ ምሽት ሄድፎኑን አደፋንላቸው። በሻሻቸው ላይ አስተካከልን፤ ካሴቱን ከፈትን። አባታችን ማቅራት ሲጀምሩ እናታችን እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ረጅም ጊዜም ምንም አላሉም። ሙቀጫው ሲጀምር እኛ በዓይናችን እየተጠባበቅን «ሰሙት? የርስዎ ሙቀጫ እኮ ነው» አልናቸው።

እናታችን ጆሮ ሰጥተው አዳመጡ። ከዚያም ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔ አይደለም» አሉ። «የኔ ሙቀጫ እንዲህ አይልም፤ ይህ ከላይ ቤት ያሉት የጎረቤታችን ነው። በዚያ ሰዓት እኔ ውሃ ልቀዳ ወርጃለሁ።»

ሦስት ሄድፎን፣ አንድ አምፕሊፋየርና አንድ ጆሮ ያወጣንበት ሙቀጫ የጎረቤት ሙቀጫ ኖሯል። እናታችን ስልካቸውን አንድ ቀን ዘግተው አያውቁም፤ እኛም «ያ ሙቀጫ የማን ነው?» ብለን አንድ ቀን ጠይቀናቸው አናውቅም። እርሳቸው ግን ሳቁ። «እስቲ ድገሙልኝ» አሉ፤ «የጎረቤቴንም ድምፅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። አላህ ይዘንላት።»

ደገምንላቸው። ድምፁን አልጨመርንም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።